ከቦርከና ምንም አይጠበቅም

እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክለባችን ቦርከና በሐይቁ ሎጎ ሦስት ለባዶ ተሸነፈ። ሦስተኛዋ ግብ ስትቆጠርብን ግብ ጠባቂያችን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ይመርጥ ነበር። እኔ ደግሞ ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ የአንድ ደንበኛ ሱሪ አሳጥራለሁ። የግድግዳው ስክሪን በአሸናፊው በሎጎ ቀለም በራ፣ ውጤቱ ተጻፈ፣ ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያው ካቆመበት ቀጠለ።

«ስንት ለስንት?» አለኝ ደንበኛዬ።

«ሦስት ለባዶ።»

«ሎጎ ጥሩ ተጫውቶ ነበር ማለት ነው።»

«ማን አየው?» አልኩት።

ማንም አላየውም። ኳስ በሜዳ ላይ መጫወት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ተጫዋቾች አሉ፤ ደመወዝ ይበላሉ፣ በየመለኪያ ቤቱ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ደማቸው ይመረመራል። ግን አይጋጠሙም። የሀብታሞቹ ክለቦች እግር በጣም ከመወደዱ የተነሳ ሰው እንዲጠልፈው የማይፈቀድ ሆነ። መጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ጨዋታ ቀረ። ቀጥሎ ተጋጣሚው ኃይለኛ ነው ሲባል ቀረ። በመጨረሻ ጨዋታ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። አሁን የሚፈርደው ሚዛን የሚሉት ማሽን ነው። ሚዛን በየሳምንቱ የሁለቱን ክለቦች ሦስት ነገር ይመዝናል፤ አቋማቸውን፣ ሀብታቸውንና ደጋፊዎቻቸው ከእነሱ የሚጠብቁትን። ከዚያ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጤቱን ይናገራል። ይግባኝ የለውም።

አቋሙንና ሀብቱን ከየክለቡ ይወስዳል። ሦስተኛውን የሚወስደው ከእኛ ነው። ለዚህ ሲባል በየሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጆሮ ተሰክቷል። መዳፍ የሚያህል ግራጫ ነገር ነው፤ የተመዘገበ ደጋፊ ስለ ራሱ ክለብ የሚናገረውን እየለቀመ ይቆጥራል፣ የሌላውን ወሬ ይተዋል። በእያንዳንዱ ሰው መታወቂያ ላይ ክለቡ ተጽፏል። በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ ስለ ክለቡ መከራከርም እንደ ግብር ግዴታ ነው። የኮምቦልቻ ሰው በዚህ ግዴታ ቅር ብሎት አያውቅም። ከታዘዝነው ሁሉ ደስ ብሎን የምንፈጽመው እሱን ብቻ ነው።

የምንከራከረው አያ በላቸው ሻይ ቤት ነው። አያ በላቸው ሻይ የሚቀዳው በአንድ እጁ ነው፤ ሌላኛው እጁ ለክርክር ይፈለጋል። ክርክሩን ሁልጊዜ የሚከፍቱት ግን እማማ ዘምዘም ናቸው። ሰማንያን ተሻግረዋል። ኳስ በእውነተኛ ሜዳ ላይ ሲጫወት በዓይናቸው ያዩ ከመካከላችን እሳቸው ብቻ ናቸው። ቦርከናን የሚወዱትን ያህል ልጆቻቸውን ስለመውደዳቸው እንጃ። ታዲያ ገና ሳይቀመጡ ይጀምራሉ።

«እነዚያ ልፍስፍሶች ዛሬም ተሸነፉ አይደል? እኔ ድሮም ብያለሁ! ያ አበጋዝ የምትሉት አጥቂ እንኳን ኳስ ጫማውንም ፈልጎ አያገኝ!»

«ተከላካዮቹስ እማማ?» ይላል አንዱ።

«የቱ ተከላካይ? እነዚያ ቆመው የሚያንቀላፉት?»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኛም እየተቀባበልን እንሰድባቸዋለን። አበጋዝ በመንገድ ሲያልፍ ግን እማማ ዘምዘም ከኋላው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉለት በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

በዚያ እሁድ ሳቃችን ብዙ አልቆየም። ከውጤቱ በኋላ የሊጉ ማስታወቂያ መጣ። ቦርከና የደረጃው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ጨዋታ ይቀራል፤ እሱም ከደሴው ጦሳ ጋር። ካላሸነፈ ይዘጋል። ክለቡ የተዘጋበት ዜጋ መታወቂያው ተቀይሮ ቅርብ ወዳለው ክለብ ይዛወራል።

ለእኛ ቅርቡ ጦሳ ነው።

«ጦሳ?» አለ አያ በላቸው፣ ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛው ላይ እየፈሰሰ። «እኔ? ጦሳ?» ቀኝ እጁን አንስቶ አማተበ።

ኑርዬ የደረሰው ይኼኔ ነው። ኑርዬ የባለቤቴ የአሚናት ታናሽ ወንድም ነው፤ የደሴ ልጅ፣ የጦሳ ደጋፊ፣ በየእሁዱ እኛን ለማብሸቅ ብቻ ባቡር ተሳፍሮ የሚወርድ ሰው። በሩ ላይ ቆሞ ሰማያዊ ማልያውን አስተካከለ።

«ሰላም ለጀማው! የለቅሶ ቤቱ እዚህ ነው አሉኝ።»

«ኑርዬ፣ ዛሬ ተወን» አልኩት።

«እሺ አያ ይማም፣ በቁም ነገር እናውራ። ከምናችሁ ነው ተስፋ የምታደርጉት? ከሀብት? ናኦድ የሚተኛበት አልጋ ከናንተ ክለብ ቢሮ ይሰፋል!»

ናኦድ የጦሳ አጥቂ ነው። እግሩን የሚጠብቁለት ሁለት ሰዎች አሉት፤ አንዱ ለቀኙ፣ አንዱ ለግራው።

«ገንዘብ ግብ አያገባም!» አለ አያ በላቸው።

«አያ በላቸው ሙት! በሚዛኑ ሲሶው ምንድን ነው? ገንዘብ አይደለም?»

«አቋምስ? የኛ ልጆች እኮ በየቀኑ ከወንዙ እስከ ዳገቱ ነው የሚሮጡት።»

«ቢሮጡስ? ራሳችሁ ስትሰድቧቸው አይደል የምትውሉት? እኛ ደሴ ምን እንደምንል ታውቃለህ? አምስት ለባዶ! ዋንጫው የኛ ነው! ናኦድ አንደኛ ነው! ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የምንለው። እናንተ በራሳችሁ ላይ ታሟርታላችሁ።»

«ሟርት ሌላ፣ ሽፋን ሌላ» አሉ እማማ ዘምዘም ከጥግ። «ዝም በል አንተ፣ አይገባህም።»

ኑርዬ ሳቀና ከቦርሳው አንድ ነገር አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። የጦሳ ማልያ ነው። ጀርባው ላይ «ይማም» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ቀድሜ ልክህን ወሰድኩ። ሰማያዊ ያምርብሃል፣ ወላሂ!»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ማልያውን በር ጀርባ ሰቅዬ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። አባቴ የቦርከና ተከላካይ ነበር፤ ኳስ በእግር ይነካ የነበረበት ዘመን የመጨረሻዎቹ ሰዎች እሱና ጓደኞቹ ናቸው። እኔ ሲጫወት አላየሁትም። ያየሁት የተሰበረ አፍንጫውን ብቻ ነው፤ በዚያ አፍንጫ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲኮራ ኖሯል። እሁድ እሁድ የክለብን ቀለም መልበስ ሕግ ነው። በሰማያዊ ማልያ በመቃብሩ በኩል ማለፍ ሊኖርብኝ ነው ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ከሊጉ አንዲት ወጣት መጣች። ረድኤት ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ነው የተላከችው። ሥራዋ ጆሮዎችን መቆጣጠር ነው። ወንበር ላይ ቆማ የአያ በላቸውን ሻይ ቤት ጆሮ ነቀለች፣ ከፈተች፣ ነፋችበት፣ ወደ ራሷ ጆሮ አስጠግታ አዳመጠች። ፊቷ ግራ ተጋባ።

«ተበላሽቷል ብዬ ነበር የመጣሁት» አለች። «ደህና ነው።»

«ምን ሆነና ነው?» አልናት።

«በመላ አገሪቱ እንደ እናንተ ከሻይ ቤት የማይጠፋ ደጋፊ የለም። በመላ አገሪቱ እንደ እናንተ ከክለቡ ምንም የማይጠብቅም የለም። የምትጠብቁት ዜሮ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ዜሮ!» ድምፃችንን መልሳ አሰማችን። ልፍስፍሶች፣ ገልቱዎች፣ ቆመው የሚያንቀላፉ። በእኛው ድምፅ፣ በእኛው ሳቅ። «የሚገርመው አቋማችሁ ነው። አቋማችሁ ከጦሳ ይበልጣል እኮ።»



«ይበልጣል?» አለ አያ በላቸው ቀስ ብሎ።

«ይበልጣል። የገደላችኋቸው እናንተ ናችሁ።»

እማማ ዘምዘም ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ልጄ፣ ወልደሻል?»

«ገና ነኝ እማማ።»

«ስትወልጂ፣ ልጅሽን ሰው አይቶ ‹እንዴት ያምራል!› ቢልሽ ምን ትያለሽ?»

ረድኤት ትንሽ አሰበች። «አመሰግናለሁ እላለሁ።»

እንዲህ ያለ ድንጋጤ በዚያ ቤት አይቼ አላውቅም። አንዱ ብርጭቆ ጣለ። «አመሰግናለሁ?» አሉ እማማ ዘምዘም ደረታቸውን ይዘው። «ያረቢ! ‹ኧረ ምኑ ያምራል፣ ሲነጫነጭ ያደረ ጥንዝል ነው› ነው የሚባለው እንጂ! ዓይን ያርፍበታላ! እኛ ልጆቻችንን ስለምንወድ ነው የምንሰድባቸው!»

ረድኤት የነቀለችውን ጆሮ አገላብጣ አየችው። «ሚዛኑ ይህን አያውቅም» አለች በመጨረሻ። «የተባለውን ነው የሚቆጥረው። እናንተ ብቻችሁን ስለሆናችሁ እንጂ፣ ሁለቱም ተጋጣሚዎች ዜሮ ቢሆኑ ኖሮማ ሚዛኑ ራሱ ይቆም ነበር። አሮጌው ደንብ እንደሚለው ሜዳ ወርደው መጫወት ይኖርባቸዋል።» ይህን ስትል ራሷን አሳቃት፤ ጆሮውንም መልሳ ቦታው ሰካችው። እኛን አላሳቀንም፤ አላዳመጥናትማ። ሁላችንም የምናስበው ስለ አቋማችን ነበር። ከጦሳ ይበልጣል!

ማክሰኞ ሙገሳ ጀመርን። ቀላል መስሎን ነበር። አያ በላቸው ከጆሮው ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቦርከና…» አለ። ላብ አጠመቀው። «ቦርከና ጥሩ… ማለቴ… ያው ምንም አይሉም እንጂ…»

«አመስግን!» አልነው።

«አቃተኝ እኮ! ምላሴ አልታዘዝ አለ!»

በመጨረሻ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አበጋዝ ምርጥ አጥቂ ነው!» ብሎ ጮኸ። የጆሮው መብራት ብልጭ አለ። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ከሰዓት በኋላ አበጋዝ ከቤቱ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ የእግሩን ጣት ተጎዳ የሚል ወሬ መጣ።

የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ሻይ ቤት አልመጣም። እማማ ዘምዘም፣ «አላልኳችሁም?» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ሙገሳ በዚሁ ቀረ። እኔም ቤቴ ገብቼ በር ጀርባ የተሰቀለውን ሰማያዊ ማልያ ስመለከት አመሸሁ።

ሐሙስ ከአሚናት ጋር ደሴ ወጣን። የኑርዬ ሚስት ከወለደች ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ ልጅቷን አላየናትም ነበር። ደሴ እንደ ልማዷ ጭጋግ ውስጥ ናት። ኑርዬ በደስታ ተቀበለን፣ ስለ እሁዱ አምስት ለባዶ እየነገረ ልጅቷን አቅፎ አመጣት። ቆንጆ ናት። ልቤ ክለቡ ጋ ስለነበር አፌ አመለጠኝ።

«ኧረ እንዴት ታምራለች!»

ማሻአላህ አላልኩም። ኑርዬ ልጅቷን ወደ ደረቱ ወሽቆ በጋቢ ሸፈናት።

«ኧረ ምኗ ያምራል! አፍንጫዋ ድፍጥጥ ያለ፣ ስታለቅስ የምታድር! ማሻአላህ በል እንጂ አያ ይማም!»

«ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አልኩ። ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ይህ ሰው ዓመቱን ሙሉ በክለቡ ሲፎክር ይውላል፤ በራሱ አፍ ፉከራ አይፈራም፣ ገንዘቡ አደፋፍሮታል። የሰው ዓይን ግን ያስፈራዋል። እስከ ዛሬ ጦሳን ከውጭ የሚሰድበው እንጂ የሚያደንቀው ማን አለ? ማንም። ቀና ብዬ የናኦድን ፎቶ ግድግዳው ላይ አየሁት።

«ኑርዬ» አልኩት። «ያ የናኦድ እግር ግን… እንዴት ያለ እግር ነው!»

ኑርዬ ጋቢውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «ኧረ… ምን እግር አለው… ያመዋል እኮ» አለ።

«ሁለቱም ዜሮ ቢሆኑ» ያለችው የረድኤት ቃል ትዝ ብሎኝ እየሳቅሁ ባቡር ላይ ወጣሁ። አሚናት አበድክ ወይ አለችኝ። ገና ነኝ አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት የደሴው ባቡር በቀዩ የቦርከና ማልያ ሞላ። ኮምቦልቻ ሐሳቤን ሰምታ ሱቋን ዘግታ ወጣች። እማማ ዘምዘም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ኩል ተኳሉ። ደሴ ስንደርስ በየሻይ ቤቱ ተበተንን። እኔ፣ እማማ ዘምዘምና አያ በላቸው ኑርዬ የሚውልበት ቤት ገባን። ሰማያዊ ለባሾቹ ለጠብ የመጣን መስሏቸው ተነሱ።

«ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ እማማ ዘምዘም። «እኛ ጦሳን ልናደንቅ ነው የመጣነው።»

ግድግዳው ላይ ወዳለው የቡድኑ ትልቅ ፎቶ ተጠግተው ቆሙ። የተኳለውን ዓይናቸውን በልጠጥ አድርገው ከፈቱት።

«እንዴት ያሉ ልጆች ናቸው! እዩት ይኼን ባት! እዩት ይኼን ጉልበት! እንዲህ ያለ ጤና፣ እንዲህ ያለ ቁመና! ኧረ እንዴት አማሩኝ!»

«ማሻአላህ ይበሉ እማማ!» አለ አንዱ።

«ምን አልኩ? ስላማሩኝ እኮ ነው!» ዓይናቸውን ከፎቶው አላነሱም። «ነገ በአምስት ያሸንፉናል አይደል?»

«ኧረ በምን አቅማቸው!» ኑርዬ ፎቶውን በሰውነቱ ሊሸፍን ዘለለ። «በምን አቅማቸው እማማ! ናኦድ ሪህ አለበት!»

«ሀብታቸውስ?» አለ አያ በላቸው በቅናት ድምፅ። «ያ ሁሉ ሀብት! እንዴት ያስቀናል!»

«ምን ሀብት አለ! በወሬ ነው!» ጮኸ ሌላው።

«ግብ ጠባቂው ሩቅ አያይም!»

«ቢሸነፉ ነው! ነገ ቢሸነፉ ነው!»

«ልፍስፍሶች ናቸው እማማ፣ አይዩአቸው!»

ጆሮው ግድግዳው ላይ ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። እኛን አይሰማንም፤ እኛ የሌላ ክለብ ነን። እነሱን ግን አንዲት ቃል ሳያስቀር ይለቅማል። እማማ ዘምዘም ሻይ እንኳን ሳይጠጡ ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ። እየዞሩ ሲያደንቁ ዋሉ። በመጨረሻ ደሴ በሙሉ ስለ ጦሳ አንዲት ደግ ቃል የሚናገር ሰው አጣች።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችንም አያ በላቸው ሻይ ቤት ስክሪኑ ፊት ተደርድረን ነበር። ስክሪኑ አልቀላም፣ ሰማያዊም አልሆነም። ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ጽሑፍ መጣ። «ሚዛን ውጤት የለውም። ሁለቱ ክለቦች በሚቀጥለው እሁድ ሜዳ ይውረዱ።»

እንዴት እንደጮኽን አልገልጸውም። አያ በላቸው በሁለቱም እጁ ሻይ ሲቀዳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ችግሩ ሜዳ ነበር። የኮምቦልቻ ስታዲየም ጨዋታ ከቀረ ወዲህ የበርበሬ ማስጫ ሆኗል። ሕዝቡ ወጥቶ በርበሬውን ሰበሰበ፣ መሬቱን ጠረገ፤ ቅላቱ ግን አልለቀቀም። ሁለተኛው ችግር ኳስ ነበር። በመለኪያ ቤት ያሉት ኳሶች በሽቦ የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ እኔ ሰፋሁ። እማማ ዘምዘም አጠገቤ ተቀምጠው እየተቆጡ አሰፉኝ። ውጩን በጥሩ ቆዳ አደረግኩት። ለውስጡ ለስላሳ ጨርቅ አስፈለገኝና በር ጀርባ የተሰቀለውን ሰማያዊ ማልያ አውርጄ ቆረጥኩት። «ይማም» የሚለው ጽሑፍ መሀል ገባ።

ዳኛ ሆና የመጣችው ረድኤት ናት። በሊጉ ውስጥ አሮጌውን ደንብ ያነበበች እሷ ብቻ ሆና ተገኘች። ፊሽካዋን ነፋች።

ሃያ ሁለቱም ቆመው ተያዩ። ማንም ምን እንደሚደረግ አላወቀም። የእኛ አማካይ ኳሷን ሲገፋ ከጦሳው ተከላካይ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ደነገጡ። «ይቅርታ ወንድሜ!» «ኧረ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ!» ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ኳሷ ብቻዋን እየተንከባለለች ከሜዳ ወጣች። ስታዲየሙ በሳቅ አለቀሰ።

ቀስ በቀስ ግን ገባቸው። ሩጫው ፈጠነ፣ ከመሬቱ ቀይ አቧራ ተነሳ፣ የጦሳ ልጆች ማስነጠስ ጀመሩ። የኛዎቹ በርበሬው መሀል ያደጉ ናቸው። ከዚያ ከተከላካዮቻችን አንዱ፣ እማማ ዘምዘም ቆሞ የሚያንቀላፋ የሚሉት፣ ናኦድን ጠለፈው።

ናኦድ በጀርባው ወደቀ። የግራ እግሩ ጠባቂ ከሜዳው ዳር ራሱን ሳተ። ናኦድ በርበሬው ላይ ተዘርግቶ ሰማዩን እያየ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ተቀመጠ፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ ጉልበቱን አየ። ደምቷል። ይህን የሚያህል ፈገግታ ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

«እንደገና!» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚነግራችሁ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ እኔም እሳሳታለሁ። ናኦድ አገባብን። የኛ ልጅ በጭንቅላቱ አገባ፣ ለምን በጭንቅላቱ እንደሆነ ራሱም አላወቀም። አንድ ለአንድ ሆነ። አቻ አይበቃንም፤ ካላሸነፍን ተዘግተናል። ረድኤት ሰዓቷን ማየት ጀመረች። በዚህ መሀል ኳሷ ከተከላካዮች ሾልካ አበጋዝ እግር ላይ አረፈች። አበጋዝ፣ በታሰረ ጣቱ፣ ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻ ለብቻ።

ስታዲየሙ በሙሉ አፉን ያዘ። ማንም ምንም አላለም። ማን ያደንቀዋል? ማን ዓይኑን ያሳርፍበታል? ግማሹ ሕዝብ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔም ጨፈንኩ። አበጋዝም በዚያ ፀጥታ ግራ ተጋብቶ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቶ አያውቅም።

ያን ጊዜ ከጀርባዬ የእማማ ዘምዘም ጩኸት መጣ።

«አንተ ልፍስፍስ! ምን ይገትርሃል! ይቺን እንኳ ብትስት ነው! ትስታታለህ!»

የአበጋዝ ትከሻ ሲፍታታ አየሁት፤ ዓይኔን መቼ እንደከፈትኩ አላውቅም። መታት። ኳሷ ግብ ጠባቂው እያስነጠሰ ሳለ በጎኑ አልፋ መረቡን ነካች።

የሆነ ሰው አቀፈኝ። ተያይዘን ወደቅን፣ በበርበሬው ላይ ተንከባለልን፣ እየጮኽን፣ እያስነጠስን፣ እያለቀስን። ቀና ስል ሰማያዊ ማልያ ነው። ኑርዬ ነው።

«ኑርዬ፣ ተሸንፋችኋል እኮ!»

«አውቃለሁ!» አለ፣ እንባውና በርበሬው ተደባልቆ። «አየኸው ግን? አየኸው አያ ይማም?»

«አየሁት!» አልኩት። እማማ ዘምዘምን ዞሬ ሳያቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በእጃቸው ግን አበጋዝን ይመርቁታል። ወደ ቤቴ ስመለስ በአባቴ መቃብር በኩል ዞርኩ። ቀይ እንደለበስኩ፣ በርበሬ እንደሆንኩ።

ማክሰኞ ረድኤት በአሮጌው ጆሮ ፋንታ አዲስ ልትሰካ አያ በላቸው ሻይ ቤት መጣች። የአዲሱ ውድድር የመጀመሪያ ተጋጣሚያችን ሎጎ ነው። ሊጉ ባለፈው እሁድ የሆነው ስህተት እንዳይደገም ሚዛኑ በሚገባ እንደሚሠራ አስታውቋል። ከወደ ሐይቅ የመጣው ወሬ ግን ሌላ ነው፤ የሎጎ ደጋፊዎች ከጠዋት ጀምሮ ተሰብስበው ክለባቸው እንዳለቀለት፣ አጥቂው መራመድ እንዳቃተው፣ ነገር ሁሉ እንዳበቃ እየተናገሩ ነው ይላል። ኑርዬም ከደሴ ደውሎ ነበር።

«ጦሳ እንዴት ነው?» አልኩት።

«አልቆለታል!» አለ በደስታ።

ረድኤት ጆሮውን ሰካች። መብራቱ ሲበራ ሁላችንን አየችንና እንደ ደንቡ ጠየቀች። «ለእሁድ ከቦርከና ምን ትጠብቃላችሁ?»

እማማ ዘምዘም ተነስተው ጆሮው ድረስ ተጠጉ። ግንባራቸው ላይ አሁንም ትንሽ በርበሬ አለ።

«ምንም» አሉ፣ ቃሉን እያጣጣሙ። «ከእነዚያ ልፍስፍሶች ምንም አይጠበቅም።»

«አሜን!» አለ አያ በላቸው።

«አሚን!» አልን።